ከእንስራ እስከ ቅጽ

ባለፈው ዓመት፣ ኅዳር ወር ላይ ይመስለኛል፣ ጉዳይ ኖሮኝ ከአንድ መሥሪያ ቤት ደጃፍ ተሰልፌ ነበር። ከኋላዬ ነጠላቸውን የተከናነቡ አንዲት አዛውንት ቆመዋል። እንደ ደንቡ ሁላችንም አንዳንድ ወረቀት ይዘናል። ሴትዮዋ ወረቀታቸውን ገለባብጠው አዩና ወደ እኔ ዘረጉት። «የኔ ልጅ፣ እባክህ ይቺን ሙላልኝ» አሉኝ። «እሺ እማማ» ብዬ ተቀበልኳቸው። እስክሪብቶዬን ከኪሴ እስካወጣ ድረስ ፈገግ ብለው፣ «አየህ፣ ዕድሜ ልኬን እንስራ ስሞላ ኖሬ ይቺን ወረቀት መሙላት አቃተኝ» አሉ።

ሰልፈኛው ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ነገሩ ከልቤ አልወጣ አለ። እውነትም እንስራው ይሞላል፤ ወረቀቱም ይሞላል። ለመሆኑ ይህ ግስ ከምንጭ ዳር ተነስቶ ከመንግሥት ጠረጴዛ ላይ የደረሰው በየት በኩል አልፎ ነው? ይህን ጥያቄ ይዤ ጥቂት ቀን የዕለት ተዕለት ቃሎቻችንን ስፈትሽ ሰነበትኩ። ያገኘሁት ነገር የቃላት ጨዋታ ብቻ አልሆነም። የአገራችን ታሪክ፣ በተለይም ከባሕር ማዶ ዕቃዎች ጋር የተዋወቅንበት ታሪክ፣ በእነዚሁ ቃላት ውስጥ ተቀምጧል። ዕቃው በመጣ ቁጥር ስሙን እንደ አመጣጡ ተቀብለናል፤ ዕቃውን የምናዝበትን ግስ ግን ከማጀት አውጥተን ሰጥተነዋል።

ከሥሩ እንጀምር። «ሞላ» የግዕዙ «መልአ» ልጅ ነው። ዘመዶቹ ብዙ ናቸው፤ ትግርኛው «መልአ»፣ ዓረብኛው «መለአ»፣ ዕብራይስጡ «ማሌ» ይለዋል። ከዚህ አንድ ሥር አማርኛ ያበቀላቸው ቅርንጫፎች ደግሞ ለጉድ ናቸው። ኮቱና ሱሪው ከአንድ ጨርቅ ሲሰፋ ሙሉ ልብስ ይባላል። የማይፈራ ሰው ልበ ሙሉ ነው። አገር በሙሉ ለማለት መላው አገር እንላለን። አንድ መቀመጫ ጎድሎ እንደገና ሲመረጥ የማሟያ ምርጫ ይባላል። ልጅ ሲወለድልን ሙሉጌታ፣ ሙሉነህ፣ ሙላቱ፣ ሙሉወርቅ እንለዋለን። በ1928 ዓ.ም. የወደቁት የጦር ሚኒስትሩ ራስ ሙሉጌታ ይገዙም ሆኑ የኢትዮ ጃዝ አባት የሚባለው ሙላቱ አስታጥቄ ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ ሥር ነው።

አማርኛ ታዲያ ሙሉን ያለ ጎደሎ ማሰብ አይወድም። አንድ ነገር ሙሉ በሙሉ ባይሆንም በአመዛኙ ሲሆን «ከሞላ ጎደል» እንላለን፤ ሁለቱን ባላንጣዎች ባንድ ገመድ አስረን። ሞልቶ የማያውቅ ቤት የሚናገረው ንግግር ነው ብል የሚቆጣኝ አይኖርም።

«ሞላ» ጎረቤትም አለው፤ «ደፈነ» ይባላል። ጉድጓድ በአፈር ሲሞላ ተደፈነ እንላለን። ከዚህም ድፍን ብር፣ ድፍን ምስር፣ ድፍን አገር የሚሉትን አገኘን፤ ነገርን ሳይዘረዝሩ መናገርም «በደፈናው» ሆነ። ስለዚህ «መላው አገር» እና «ድፍን አገር» በሁለት በር ገብተው አንድ ቤት ይገናኛሉ። ነገር ግን ልዩነታቸው ይታወቅ። የሞላ ዕቃ አፍ አለው፤ የተደፈነ ዕቃ አፍ የለውም። ነገር የማይገባውን ሰው ድፍን ቅል የምንለው ለዚህ ነው። ቅሉ አፉ አልተከፈተምና ማን ምን ሊሞላበት ይችላል?

እንግዲህ ወደ ምንጩ እንውረድ። ውሃ የወረደች ሴት የምትሠራውን አስቡት። እንስራዋን ከጎኗ አስቀምጣ በቅል ትቀዳለች። እንስራው ሲሞላ በጀርባዋ አዝላ ዳገቱን ትወጣለች። ቤቷ ስትደርስ ጋኑ ውስጥ ትገለብጠዋለች። ሦስት ሥራ ነው፤ ሦስት ግስም ነው፦ ቀዳች፣ ሞላች፣ ገለበጠች። ማታ ደግሞ ገበታው ሲቀርብ አራተኛ ግስ ይጨመራል፤ ታጎርሳለች። አንባቢ እነዚህን አራት ግሶች በልቡ ይያዝልኝ። ከዚህ በኋላ የማወራው ሁሉ የእነሱ ጉዞ ነው።

መጀመሪያ ከቤት የወጣው «አጎረሰ» ነው፤ የወጣውም ወደ ጦር ሜዳ። የእሳት መሣሪያ በአገራችን ጦርነት ውስጥ ትልቅ ቦታ የያዘው በአሥራ ስድስተኛው ምዕተ ዓመት፣ በኢማም አህመድ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1541 በክሪስቶቮ ዳ ጋማ የሚመሩት አራት መቶ ያህል ፖርቱጋሎች ምጽዋ የወረዱት ነፍጣቸውን ይዘው ነበር። የዚያ ዘመን ጠመንጃ የሚጎርሰው በአፉ ነው። ባሩዱ ይጨመራል፤ እርሳሱ ይከተላል፤ በዘንግ ይጠቀጠቃል። ይህን ያየ ሰው የአገሬው ቋንቋ ምን ብሎ ይጥራው? አፍ ካለው ይጎርሳላ! ጠመንጃን ማጉረስ ይኸው እስከ ዛሬ ቋንቋችን ነው።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ሥር አሮጌ በተባለው ሜዳ የአፄ ቴዎድሮስ ጦር በአፉ የሚጎርስ ጠመንጃ ይዞ፣ ከበስተኋላው ከሚጎርሰው የእንግሊዝ ስናይደር ጋር ገጠመ። አንዱ ባሩዱን ጠቅጥቆ እስኪጨርስ ሌላው ደጋግሞ ይተኩሳል። የዚያ ቀን ውጤት የታወቀ ነው። ስናይደርን «ሰናድር» ብለን ስሙን ተቀበልን፤ ከእሱም ኋላ ፈረንሳዩ ግራ «ውጅግራ»፣ ኦስትሪያዊው ማንሊኸር «ምኒሽር» እየተባሉ መጡ። ስማቸው ሁሉ የባሕር ማዶ ነው። መጉረሻቸውም ከአፍ ወደ ጀርባ ዞሯል። ግሱ ግን አልተነቃነቀም። አምስት ጥይት የሚይዘውን «አምስት ጎራሽ» አልነው፤ በጀርባው ቢጎርስም ያው ጎራሽ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የታወቀ ታሪክ ላስታውስ። በ1888 ዓ.ም. ከዓድዋ ድል አንድ ወር ከምናምን ቀደም ብሎ፣ በሜጀር ጋሊያኖ የሚመራው የጣሊያን ጦር መቀሌ እንዳ ኢየሱስ ላይ መሽጎ ነበር። ምሽጉ በመድፍና በጠመንጃ የታጠረ ስለሆነ በግንባር ማጥቃቱ ብዙ ሰው አስጨረሰ። እቴጌ ጣይቱ ያመጡት ዘዴ ግን ምሽጉ ውሃ የሚቀዳበትን ምንጭ መያዝ ነበር። ምንጩ ተያዘ፤ ከቀናት በኋላ ምሽጉ ተለቀቀ። የጣሊያን ጠመንጃ ጎርሶ ነበር፤ ዕቃው ግን ባዶ ነበር። ስለ መቀሌ ከተጻፈው ሁሉ ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው፦ የውሃን ወረፋ የሚያውቅ ሰው የጦርነትንም አፍንጫ ያውቃል።

ቀጥሎ የተጓዘው «ሞላ» ነው። አባቴ ማታ ማታ ከመተኛቱ በፊት የእጅ ሰዓቱን አውልቆ በሁለት ጣቱ ጥርሷን እያዞረ ይሞላት ነበር። ልጅ ሆኜ፣ «አባባ፣ ምን እየሞሉባት ነው?» ብዬ ጠየቅኩት። «ቀን ነዋ!» አለኝ፣ ነገሩ ሳይከብደው። በሰዓት ውስጥ የሚፈስ ነገር የለም፤ የሚጠመዘዝ ሽቦ ነው ያለው። ይሁን እንጂ ማታ ሞልቶ ማታ የሚጎድል ዕቃ በቤታችን ከውሃው ጋን ሌላ አልነበረምና ሰዓቷም ከጋኑ ቃል ተበደረች። እ.ኤ.አ. በ1969 ጃፓኖች የመጀመሪያውን የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ለገበያ ካወጡ ወዲህ መሙላት እየቀረ መጣ። ዛሬ ልጆቼ ሰዓት ይሞላል ብላቸው አያምኑኝም።

በ1900 ዓ.ም. ገደማ መኪና አዲስ አበባ ገባ። የመኪና ስሞቻችንን ብትመለከቱ ከጣሊያንኛ መዝገብ የተገለበጡ ይመስላሉ፦ ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ቤንዚን። ግሶቹን ስሙ እስቲ! መኪና እንደ ከብት ይነዳል፤ ሞተር እንደ ተኛ ሰው ይነሳል፤ ጎማ እንደ እሳት ይነፋል፤ ቤንዚን እንደ እንስራ ይሞላል። አንዲት የውጭ ግስ አልገባችም። ጋራዡ የጣሊያን ቢሆን አሠራሩን የሚናገረው የገበሬ ልጅ ነበርና።

የተገላቢጦሽም አለ። ሴቶቻችን ከሸክላ እንስራ ወደ ፕላስቲክ ሲሸጋገሩ ዕቃው ጀሪካን ተባለ። ጀሪካን በመጀመሪያ የጀርመን ጦር የነዳጅ ዕቃ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች ዕቃውን ማርከው ወደዱትና፣ ጀርመኖችን በሚጠሩበት የማሾፊያ ስም ሰየሙት። ከዚያ ጦርነት የተረፈ የወታደር ስላቅ ዛሬ በቦኖ ውሃ ወረፋ ላይ ተደርድሮ ይታያል። የሚሞላው ግን እንደ ጥንቱ ነው።

ሦስተኛው መንገደኛ ወደ ጽሕፈት ቤት የሄደው «ገለበጠ» ነው። ገለበጠ ማለት ያለውን ወደ ሌላ ዕቃ ማፍሰስ፣ ላዩን ታች ማድረግ ነው። መጽሐፍ አይቶ የሚጽፍም ይገለብጣል፤ ተማሪውም ከሰሌዳ ወደ ደብተር ይገለብጣል። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሲጻፍ ከሥሩ «ግልባጭ» ተብሎ ለማን ለማን እንደሚደርስ ይዘረዘራል። ያን ቃል በየቀኑ የሚያትሙ ጸሐፊዎች ከጋን አፍ እንደመጣ ልብ ብለውት ይሆን?

ከጽሕፈት ቤት ሳንወጣ የ«ሞላ»ን ታላቅ ወንድም እናገኛለን፤ ምልዓተ ጉባኤ። ከግዕዙ በቀጥታ የመጣ ስለሆነ ካባ ለብሶ ነው የሚቀመጠው። ትርጉሙ የስብሰባ ሙላት ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት ግን ከምክር ቤቱ አባላት ከግማሽ በላይ ከተገኙ ምልዓተ ጉባኤ አለ ይላል። ግማሽን አንድ ሰው ካለፈው ሞላ ማለት ነው! የሕግ ሰው ምልዓት ይበለው እንጂ፣ የመንደር ሰው «ከሞላ ጎደል» ባለው ነበር።

በዚያው ጠረጴዛ ላይ ቅጹ አለ። በቅጽ ውስጥ ከሚሞሉት ሁሉ አስቸጋሪው ዕድሜ ነው። ዕድሜ በአማርኛ ራሱ ይሞላል፤ ሠላሳ ሞላኝ፣ አርባ ሞላኝ እንላለን። ሠላሳ ሦስት ሞላኝ የሚል ቢኖርም ቆጣሪ ነው። አብዛኛው ሕዝባችን ልደቱን በማይጨው፣ በጣሊያን መውጣት፣ በሰባ ሰባት ድርቅ እያመላከተ ኖሯል። የመጀመሪያው አገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራ በ1976 ዓ.ም. ሲካሄድ፣ ሁለተኛው በ1987፣ ሦስተኛው በ1999 ሲከተል፣ በዜሮና በአምስት የሚያልቁ ዕድሜዎች ከግራና ቀኝ ጎረቤቶቻቸው በዝተው የታዩት በዚህ ምክንያት ነው። ቆጣሪው በቁጥር ጠየቀ፤ ሕዝቡ በእንስራ መለሰ። ሞላ ወይስ አልሞላም? የሚያውቀው መለኪያ ይኸው ነበር።

አሁን የቀረው «ቀዳ» ነው፤ እሱ ደግሞ ወደ ሙዚቃ ቤት ሄደ። ሸክላው እየቀረ ካሴት ሲስፋፋ የከተማው ወጣት ባዶ ካሴት ይዞ ሙዚቃ ቤት ይሄዳል፤ «ቅዳልኝ» ይላል። ከአንዱ ወደ ሌላው ይቀዳል፤ ባዶው ይሞላል። ከዚያ ግስ «ቅጂ» የሚለውን ስም አገኘን። ማንበብና መጻፍ የማትችል እናትም ለባሕር ማዶ ልጇ ድምፅዋን በካሴት ቀድታ ትልክ ነበር፤ ሪያድም ሆነ ዋሽንግተን ያለው ልጅ ሲከፍተው ከእናቱ ሳል በፊት የዶሮዎቹን ጩኸት ይሰማል። ደብዳቤ አልሞላም ያላት እጅ ካሴቱን ሞላችው።

ቃሉ ግን አንድ ጣጣ ይዞ መጣ። ከጉድጓድ ውሃ ሲቀዳ ጉድጓዱ ይጎድላል፤ ባለቤቱም ያያል። ከካሴት ሲቀዳ ካሴቱ አይጎድልም። የሚጎድለው እዚያ የሌለው የዘፋኙ፣ የገጣሚው፣ የሙዚቃ ተጫዋቹ ኪስ ነው። «ቀዳሁ እንጂ ምን ወሰድኩ?» የሚለው ሰው በቋንቋው አልዋሸም፤ ምንጭ የማንም ስላልሆነ መቅዳት በባህላችን ነውር አልነበረም። ይህን ለማረም በ1996 ዓ.ም. የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ወጣ። የምንጭ ዳር ቃል በነጋሪት ጋዜጣ ሕግ ሆነ፤ ልማዱን ለመለወጥ ግን አንድ አዋጅ እንዳልበቃ የጥበብ ሰዎቻችን ያውቁታል።

በ1991 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ተንቀሳቃሽ ስልክም ውሎ አድሮ ወደዚሁ ገበታ ቀረበ። «ካርድ ሙላልኝ» የማይል ሰው የለም። እውነቱን ለመናገር ግን እዚህ ላይ አንድ ሽንፈት አለ። ባትሪውን «ቻርጅ አድርግልኝ» እንላለን። ሰዓት መሙላትን ያወቀ ቋንቋ ባትሪ መሙላት አያቅተውም ነበር፤ የአፍ ልማድ ቀድሞን ሄደ እንጂ።

ከሁሉ ይልቅ ግን ይህ ሥር ምን ያህል ሩቅ እንደሚሄድ ያሳየኝ ዓባይ ነው። ወንዝ በክረምት ሲደፈርስና ከአፍ እስከ ገደፉ ሲደርስ «ሙላት» እንላለን። ሙላት የሚፈራ ነገር ነው። ከብት ይወስዳል፤ ሰው ይወስዳል፤ ድልድይ ባልነበረበት ዘመን አገርና አገርን ይለያይ ነበር፤ መንገደኛም ሙላቱ እስኪጎድል ከዚህ ማዶ ሆኖ ይጠብቃል። ሙላት የወንዙ ሥራ ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ የመሠረት ድንጋይ ከተጣለ በኋላ ግን አንድ ሌላ ቃል ከመሐንዲሶች አፍ ወደ ሕዝቡ አፍ ወረደ፤ «ሙሌት»። በሐምሌ 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ዙር ሙሌት 4.9 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ያዘ። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፤ የሚይዘውም 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ነው። በእነዚያ ዓመታት በካይሮና በካርቱም፣ እስከ ኒው ዮርክ የጸጥታው ምክር ቤት ድረስ ክርክር ያስነሳው ይህ ቃል ነበር። ሥሩ ያው ነው፤ ፊደሉ በአንዲት ድምፅ ብቻ ይለያል። ነገር ግን በሙላት ወንዙ ይሞላብናል፤ በሙሌት እኛ እንሞላዋለን። ጥያቄው ደግሞ የምንጭ ዳር ሴቶች ጥንት የሚያውቁት ጥያቄ ነበር፦ ማን ቀድሞ ይቅዳ? ለኋለኛው ምን ይቅር? ወረፋ ያልጠበቀ ዲፕሎማት ይህ አይገባውም።

እንግዲህ ወደ ሰልፉ ልመለስ። የአዛውንቷን ወረቀት ጉልበቴ ላይ አድርጌ መሙላት ጀመርኩ። ስማቸውን ጻፍኩ። «ዕድሜዎት ስንት ነው እማማ?» አልኳቸው። «ሰባ ሞልቶኛል በል» አሉ። የትምህርት ደረጃ የሚል ቦታ ላይ ስደርስ ትንሽ ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያም በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ተመዝግበው ሀ ሁን ጀምረው እንደነበር ነገሩኝ። «ታዲያ ለምን ተዉት?» አልኳቸው። «ቦኖው ውሃ የሚለቀው በዚያው በትምህርቱ ሰዓት ነበራ» አሉኝ። «ስድስት ልጅ ውሃ ይፈልጋል፤ ፊደሉ አይጠማም።»

ያን ሲሉኝ በሰልፉ ላይ የሳቅሁት ሳቅ አሳፈረኝ። ወረቀቱን መሙላት ያቃታቸው እንስራውን ስለሞሉ ነው። ጠመንጃውን ያጎረስንበት፣ ሰዓቱን የሞላንበት፣ ደብዳቤውን የገለበጥንበት፣ ዘፈኑን የቀዳንበት ቋንቋ የእሳቸው የዘወትር ሥራ ቋንቋ ነው። ቋንቋቸውን ወስደን የዘመናዊ ኑሮ መሣሪያ አደረግነው፤ እሳቸውን ግን ወረፋው ላይ ተውናቸው።

ሥራ የሚለው ቦታ ቀረ። «ሥራ እንኳ የለኝም» አሉ። እኔም እንደ ደንቡ «የቤት እመቤት» ብዬ ጻፍኩና ወረቀቱን መለስኩላቸው። መስኮቱ ጋ ሲደርሱ በአውራ ጣታቸው ፈረሙ። ያ መልሴ ዛሬም ይቆጨኛል፤ ከሞላሁት ሁሉ ጎዶሎው እሱ ነው።

የድሮ ጸሐፊዎች መጽሐፍ ሲጨርሱ የጎደለውን አንባቢ እንዲሞላ ይለምኑ ነበር። እኔም እንደ እነሱ እለምናለሁ። በየቤታችሁ ውሃ የቀዱ እናቶች ካሉ፣ እንስራቸውን ሲሞሉ ምን ምን ይሉ እንደነበር ዛሬውኑ ጠይቋቸው፤ እኔ ያጎደልኩትን እነሱ ይሞሉታል።